የተቀቀለው ጥርስ

«ጥርሱን ይስጥና ከበር ይመለስ።»

እንዲህ ያለው ታላቅ ወንድሜ ነው፣ ኩሽና ውስጥ፣ ለአክስቴ፣ በሹክሹክታ። የወንድሜ ሹክሹክታ የሌላ ሰው ጩኸት ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ መጋዘን ውስጥ ተሸካሚዎች ላይ ሲጮህ ኖሮ ድምፁ ዝቅ ማለት ረስቷል። እኔ ከግድግዳው ወዲህ የእናቴን አንሶላ እያጠፍኩ ሁሉንም እሰማለሁ። እናቴ ትናንት ማታ ሞታ፣ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ልትቀበር፣ አገጯ በነጭ ጨርቅ ታስሮ መኝታ ክፍሏ ውስጥ ተጋድማለች፤ እነሱ ደግሞ ማን ይያት ማን አይያት እያሉ ይደለድላሉ። ወይ ጉድ አልኩ በሆዴ። በሆዴ ነው ያልኩት፣ በአፌ አይደለም። ቤታችን እንዲህ ነው፤ የሚነገረው ጥቂት ነው፣ ሌላውን ሆድ ይፍጀው ብለን እንተኛለን።

ከበር ይመለስ የተባለው የአክስቴ ልጅ ነው፤ የዚችኛዋ ሳይሆን የሞተችው አክስቴ። ገና ጡት ሳይጥል እናቱ ሞታበት እናቴ ናት ያሳደገችው። እኔና እሱ አንድ አልጋ ላይ ራስና እግር ሆነን ነው ያደግነው፤ እግሩ ዛሬም አፍንጫዬ ሥር ያለ ይመስለኛል። ሥራው ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ነው። ዘመድ የሚያውቀው ግን በሌላ ነው፤ «ሰይጣኑ» ይሉታል። እሱም አይከፋውም፣ ስሙን ያመጣው ራሱ ነው። ከዓመታት በፊት ሁላችንም ምሳ ላይ እያለን ወንድሜ «አንተ ጸልይልንና እንብላ» ሲለው፣ ሹካውን አስቀምጦ፣ «እኔ ለማንም አልሰግድም። ሰይጣንም የተባረረው አልሰግድም ብሎ ነው አይደል? እንግዲያው ከሱ ወገን ቁጠሩኝ» አለ። አክስቴ አበስኩ ገበርኩ ብላ ከነወንበሯ ወደ ኋላ ሸሸች። ወንድሜ ፊቱ ቀላ። እናቴ ብቻ አፏን በእጇ ሸፍና «መጀመሪያ ሳህንህን ጨርስ» አለችው። ጨረሰ።

ከዚያ ወዲህ ያልተባለ ነገር የለም። ደም ይጠጣል ተባለ፣ ጥቁር ድመት አለው ተባለ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር በሱ ተሳበበ። ስለ ቤቱ የሚያወራው ብዙ ነው፣ ገብቶ ያየ ግን የለም። እኔ ገብቻለሁ። ያገኘሁት የታጠበ ሳህንና የተነጠፈ አልጋ ነው። ሀብት ከሰይጣን ይቀበላል የሚሉት ደግሞ ጫማውን አላዩም፤ ሰይጣን ከፋይ ከሆነማ እጅግ ስስታም ከፋይ ነው። አንድ ቀን ጠየቅኩት፣ እውነት ቀንድ ላለው ነገር ትሰግዳለህ ወይ ብዬ። «ቀንዳምም የለም፣ ክንፋምም የለም» አለኝ። «ያለሁት እኔ ነኝ። ጌታዬም እኔ፣ ተጠያቂውም እኔ። ስሙን የወደድኩት እምቢ ማለት ስለሚያውቅ ነው። ከሞትኩ ደግሞ አበቃ። መብራት ሲጠፋ ብርሃኑ የት ሄደ ብሎ የሚጠይቅ አለ?» እኔ አማኝ ነኝ። ደነገጥኩም፣ ተቆጣሁም። ስወጣ ግን ዝናብ ስለነበር ጃንጥላውን ይዞልኝ እስከ ታክሲው ሸኘኝ፣ እሱ ራሱ በስብሶ።

እናቴ ጥርሷ ካለቀ ቆይቷል። ስትስቅ እጇ ቀድሞ አፏ ላይ ይወጣል፤ ፎቶ ስትነሣ ከንፈሯን ገጥማ የተቀየመች ትመስላለች። ክሊኒኮቹ የሚጠሩት ዋጋ የማይቀመስ ሆኖባት ነገ ከነገ ወዲያ ስትል ከረመች። በመጨረሻ ሰይጣኑ «እኔ እያለሁ?» ብሎ ልኬቷን ወሰደ። አንዴ ጥርሶቹን በሰም ላይ ሰክቶ ሞክሮላት መስታወት ፊት ቆማ እንደ ኮረዳ ስትሽኮረመም አይቻታለሁ። ሳያልቅ ልቧ ደከመባት። ሆስፒታል ተኝታ፣ እጄን ይዛ፣ የለመነችኝ አንድ ነገር ነው። «በዚህ በጎደጎደ አፌ እንዳትቀብሩኝ። ጥርሴን አድርጉልኝ። ሰው የሚያየኝ ለመጨረሻ ጊዜ ነው» አለችኝ። ቃል ገባሁላት።

በሩ ሲንኳኳ ወንድሜ ቀድሞኝ ከፍቶ ደጃፉን በትከሻው ሞላው። እኔ ከኋላው ሆኜ በብብቱ ሥር አጮለቅኩ። ሰይጣኑ ግራጫ ሹራቡን ለብሶ፣ ዓይኑ በርበሬ መስሎ፣ ትንሽ የፕላስቲክ ሣጥን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። ሌሊቱን ሲሠራ ነው ያደረው። ከጠዋት ጀምሮ የመጣ ሰው ሁሉ «እግዜር ያጥናችሁ» ነው የሚለው። እሱ ይህን ማለት አይችልም፣ ውሸት ይሆንበታል፤ በሱ ፈንታ ምን እንደሚባል ደግሞ የሚያውቅ አልመሰለኝም። ሣጥኑን እንደያዘ «ልያት?» አለ።

«ጸሎት ላይ ናቸው» አለ ወንድሜ። ጸሎት ላይ የነበረ ማንም የለም፤ አክስቴ ድስት እያጠበች ነበር።

«እሺ፣ ጥርሱን ላድርግላትና ልሂድ። እንዲሁ አይገባም፣ መንጋጋዋ አሁን...»

«እናውቃለን። ስጠኝ።»

ሣጥኑን ተቀብሎ በሩን ዘጋው። የሰይጣኑ እግር ደረጃውን ሲወርድ ይሰማኛል፣ ቀስ እያለ፣ እየቆመ። የቀብር ቀን ጠብ አይነሣም ብዬ ራሴን አባበልኩና ወደ አንሶላዬ ተመለስኩ።

አክስቴን ክፉ ሰው አድርጋችሁ እንዳታስቡብኝ። እናቴን አጥባ ያለበሰቻት እሷ ናት፣ አጠገቧ ቁጭ ብላ ያደረችውም እሷ ናት። ነገር ግን ሣጥኑን ከፍታ እነዚያን ነጫጭ ጥርሶች ስታይ እጇን ሰበሰበች። የሱ እጅ የነካው ነገር እህቴ አፍ ውስጥ ገብቶ፣ በዚያ አፍ ነው ፈጣሪዋ ፊት የምትቆመው? አለች። ወንድሜ ይሄኔ ጣይው ማለት ፈልጎ ይሆናል፣ የእናቴን ኑዛዜ ግን እሱም ሰምቷል። እኔ ሳሎን ውስጥ የቀብሩን መኪና ሹፌር በስልክ መንገድ እየመራሁ ነበር። ጨርሼ ኩሽና ስገባ ውሃ ይንተከተካል፣ ጨው ተጨምሮበታል፣ አክስቴ ዓይኗን ጨፍና ድስቱ ላይ ትጸልያለች። የእናቴ ጥርስ እንደ እንቁላል እየተገለባበጠ ይቀቀላል።

«የያዘው ሁሉ እንዲለቀው ነው» አለችኝ።

እኔ የምሠራው ልብስ ንጽሕና መስጫ ነው፤ ስንት ፕላስቲክ አዝራር እንፋሎት ሲያጣምምብኝ አይቻለሁ። ድስቱን አወረድኩት፣ ረፍዷል። ጥርሱ ጥርስ ነው፣ ሮዝ የሆነው ድዱ ግን ተቀልብሷል። አክስቴ ይገባል አለች፣ ወንድሜም ይገባል አለ። የታሰረውን ጨርቅ ፈትተው በማንኪያ እጀታ አፏን እያላቀቁ ታገሉ። ሲገባ ከንፈሯ በአንድ በኩል ተነሥቶ ቀረ። ሰው ንቃ የማታውቅ እናቴ ሰው የምትንቅ ሴት መሰለች። ማየት አቃተኝ። አክስቴ መሬት ላይ ቁጭ አለች፣ «ምን አደረግኳት?» እያለች። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ይሄኛው የሚለቀም አልመሰለኝም። ጥርሱን አውጥቼ በመሀረብ ጠቀለልኩና ጫማዬን አደረግኩ።

«ወዴት ነው አሁን?» አለ ወንድሜ።

«ሰይጣን ጋ» አልኩት።

የሚሠራበት ቦታ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ሥር ያለ ምድር ቤት ነው። ከላይ አበባ ያለበት እንግዳ መቀበያ፣ ከታች የጄሶ አቧራ። መስኮቱ ከእግረኛው መንገድ እኩል ስለሆነ ሲያልፍ የሚታየው የሰው ጫማ ብቻ ነው። መደርደሪያው ላይ በጄሶ የተቀዳ የሰው አፍ ተደርድሯል፤ የሀብታሙ፣ የድሃው፣ የመምህሩ፣ ሁሉም ድዱን አስጥቶ። ሰይጣኑ ሥራ አልያዘም፣ እጁን ጭኑ ላይ ጥሎ ተቀምጧል። መሀረቡን ፈትቼ ፊቱ አስቀመጥኩለት። አነሣው፣ አገላበጠው፣ አሸተተው።

«ቀቀላችሁት?»

«አክስቴ ናት። እንዲነጻ ብላ።»

ሳቀ። ሆዱን ይዞ፣ ከልቡ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። በኋላ ሳቁ ሄደና እንባው ቀረ። እኔም ሳቄ መጥቶ ነበር፣ ዋጥኩት። ሌላ ለመሥራት ስንት ጊዜ ይፈጃል ስለው ሁለት ቀን አለኝ። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው አልኩት። አንገቱን ነቀነቀና ተነሥቶ ከመደርደሪያው ጫፍ አንድ ጄሶ አወረደ። «ይቺ ናት» አለ። የእናቴ አፍ። በግራ በኩል ታማርርባት የነበረችው ያቺ እብጠት እንኳ አልቀረችም። ጣቴን ሳሳርፍባት ቀዘቀዘኝ።

የተጣመመውን በትንሽ እሳት እያሞቀ ጄሶው ላይ ተጭኖ አቃናው። አልቃና ያለውን ክፍት በሮዝ ሰም ሞላው። እኔ በርጩማ ላይ ሆኜ አያለሁ። ሰም ይይዛል ወይ ብዬ ጠየቅኩት።

«ለሷ ይበቃታል። አታኝክበትም።»

ክፉ ቃል መሰለኝ። መልስ ልሰጠው ቀና ስል ግን ሰሙ ከእጁ እያመለጠ ጠረጴዛው ላይ ይንጠባጠባል።

«እዚያም ቢሆን እኮ...» አልኩ።

«እዚያ የሚባል የለም፣ እህቴ» አለኝ በቀስታ። «ቢኖር እኔም ደስ ይለኛል። ደስ ስላለኝ ግን አይኖርም።»

«ታዲያ ላይበላበት፣ ላይሳቅበት፣ ምን ያለፋሃል?»

«ቃል ገብቼላታለሁ። አንቺ ቃልሽን ብታጥፊ ሰማይ ላይ የሚያይሽ አለ፣ ይቅር የሚልሽም አለ። እኔን የሚያየኝ እኔው ነኝ። ይሄኛው ምሕረት አያውቅም።»

ይሄን ሲል እንደ መከራከር አልነበረም። ሰሙን እየፋቀ፣ ልክ የነገውን የአየር ሁኔታ እንደሚነግረኝ ነው። እኔ ደግሞ ክርክር ቢሆንልኝ ይሻለኝ ነበር፤ ለክርክር የሚሆን መልስ ከልጅነቴ ጀምሮ አጥንቻለሁ።

ታክሲ ውስጥ ሣጥኑን ጭኑ ላይ ይዞ፣ ስትሞት አብረሻት ነበርሽ ወይ አለኝ። አልነበርኩም። ሻይ ልጠጣ ወርጄ ስመለስ ሸፍነዋት አገኘሁ። ለምን እንደነገርኩት አላውቅም፣ ለማንም ያልነገርኩትን ለሱ ነገርኩት። ትዳሬ የፈረሰ ጊዜ አንድ ሻንጣ ይዤ በሯ ላይ ስቆም፣ እናቴ ምን ሆንሽ አላለችኝም። ሻንጣውን ተቀበለችኝ፣ አልጋ አነጠፈችልኝ፣ ጎረቤት ሲጠይቃት «ልጄ ናፍቃኝ አምጥቻት ነው» አለች። ስንት ዓመት አብሬያት ስኖር አንድ ቀን አፌን ሞልቼ አመሰግናለሁ አላልኳትም። ዛሬ እላታለሁ ስል፣ ነገ ስል። «ግድ የለም፣ ስንገናኝ እነግራታለሁ» አልኩት። «እሱ ነው ያጽናናኝ።»

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

«ታድለሻል» አለኝ። ሽሙጥ አልነበረበትም። «እናንተ እንደገና ታዩዋታላችሁ። ለእኔ ግን ያለችኝ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው። እዚያ ደጃፍ ላይ ወንድምሽን ገፍቼ ልገባ ነበር። እሷ የተኛችበት ቤት ድብድብ ሊሆን ነው ብዬ ነው የተመለስኩት።»

ሹፌሩ በመስታወቱ አየን። እኔ ግን ውስጤ እንደ ቅድሙ አልተረጋጋም። ስንገናኝ እነግራታለሁ ያልኩት ቃል፣ ጮክ ብዬ ከተናገርኩት በኋላ፣ የሰነፍ ሰው ቃል ሆኖ ተሰማኝ።

ደረጃው ላይ ዘመድ ተቀምጦበት ነበር። ሰይጣኑን ሲያዩ ጉልበታቸውን ሰብስበው መንገድ ለቀቁ፣ አንዷማ ልብሷን ሰበሰበች። ወንድሜ አሁንም በሩ ላይ ነው።

«እሱ አይገባም ተባብለናል።»

«እኔ አልተባባልኩም» አልኩት። «ብትፈልግ አንተ አስገባላት። ያው ማንኪያው ኩሽና ነው።»

ያኔ ከውስጥ የአክስቴ ድምፅ መጣ፣ ከልቅሶ ብዛት ጎርንኖ። «ይግባ። ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ይግባና ያስተካክለው» አለች። ወንድሜ ትከሻውን ትንሽ አዞረ፣ ሰይጣኑም በዚያችው ክፍተት በጎን ገባ።

በመጀመሪያ እጁን በሙቅ ውሃ ነከረ፣ እስኪቀላ ድረስ። ደርቆ የቀረ መንጋጋ በማንኪያ አይከፈትም አለ፣ ለማንም ሳይሆን እንዲሁ። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ መዳፎቹን ጉንጮቿ ላይ አደረገና ከጆሮዋ ሥር ጀምሮ ወደ አገጯ ያሻት ጀመር። ሲቀዘቅዝበት እንደገና እጁን ይነክራል፣ እንደገና ያሻል። ረጅም ጊዜ ነው እንዲህ ያደረገው። እኔ የሙቁን ውሃ ሳህን ይዤለት ቆሜ፣ በሕይወት እያለች ማንኛችን ፊቷን እንዲህ ይዘን እንደምናውቅ ባስብ ባስብ አልመጣልኝ አለ። አክስቴ በሩ መቃን ላይ ተደግፋ ታያለች፤ ከንፈሯ የሚንቀሳቀሰው በጸሎት ይሁን በልቅሶ አልለየሁም። መንጋጋዋ ቀስ እያለ ላላ። ጥርሱን አስገባ፣ በአውራ ጣቱ ከንፈሯን አለሰለሰ፣ ዝቅ ብሎ አየ፣ አንድ ጊዜ አውጥቶ ሰሙን ፋቀ፣ መለሰው። ከዚያ እጁን አነሣ።

እናቴ ነበረች። ያቺ ልጅ ሆኜ የማውቃት፣ እጇን አፏ ላይ ሳታደርግ የምትስቀው እናቴ። አክስቴ «እህቴ» አለችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ አለቀስኩ፤ ከትናንት ማታ ጀምሮ ሳለቅስ ብቆይም ያን ያህል አላለቀስኩም ነበር።

«ትንሽ ብቻችንን ተዉን» አለ ሰይጣኑ።

አክስቴን ይዤ ወጣሁ፣ በሩን ዘግቼ ጀርባዬን ሰጠሁት። ወዲያው ወንድሜ ሰዓቱን እያየ መጣ። መኪናው ደርሷል፣ ሰው ታች ቆሟል፣ ምን እያደረገ ነው? አለ።

«እየተሰናበታት ነው።»

«ምን ስንብት አለው እሱ? ነፍስ የለችም የሚል ሰው ማንን ነው የሚሰናበተው? ክፈቺው።»

«አልከፍትም። አንተ በሰማይ አገኛታለሁ እያልክ ለቀስተኛውን ሁሉ ስታጽናና ነው የዋልከው። እሱ አላገኛትም ብሎ ነው የሚያምነው። እኛ ዘላለም አለን፣ እሱ ሩብ ሰዓት ነው ያለው። ሩብ ሰዓት እንሰስትበት?»

ይመታኛል ብዬ ነበር። አልመታኝም። አጠገቤ ግድግዳው ላይ ተደገፈ፤ ያ ሁሉ ትከሻ ወረደ። አክስቴ እንኳ እንዳትሰማው አድርጎ፣ «እናገኛታለን ግን፣ አይደል?» አለኝ። ወንድሜ እንዲህ ብሎ ሲጠይቅ ሰምቼው አላውቅም።

«አዎ» አልኩት። አዎ ያልኩት ከልቤ ነው። ትናንት ብትጠይቁኝ ግን ከዚህ ፈጥኜ እመልስ ነበር።

በሩ ተከፈተ። ሰይጣኑ ወጣ፣ ዓይኑ አብጧል፣ ፊቱ ግን ዕዳውን እንደጨረሰ ሰው ተፍታቷል። አክስቴ እንደ መሸማቀቅ ብላ «ምን አልካት፣ ልጄ?» አለችው። ልጄ ካለችው ስንት ዓመቷ ነው።

«ያለኝን ሁሉ» አላት። «አላስቀረሁም።»

የሬሳ ሣጥኑ ፊት እንዳይቆም ማንም ሳይነግረው ቀድሞ ወደ ታች ወረደ። ወንድሜ ተሸካሚዎቹን ጠራ። አራት ሰዎች ጫማቸውን እየጎተቱ ወደ ክፍሉ ሲመጡ ቆዩ አልኳቸው። ገብቼ በሩን ከውስጥ ቆለፍኩትና እሱ ተነሥቶ የሄደበት ቦታ ላይ፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ክፍሉ ሳሙናና ሰም ሰም ይሸታል። መዳፌን ጉንጯ ላይ አደረግኩ። «እማ» አልኳት፣ «ያን ዕለት ሻንጣዬን ይዤ የመጣሁ ጊዜ...»

ወንድሜ በሩን ሲያንኳኳ ገና መጀመሬ ነበር።